ከቅስቱ ሥር ያለው ብርሃን፦ የዐፄ ፋሲል መዋኛን ውሃ በኮምፒውተር መሥራት

የዐፄ ፋሲል መዋኛ በዓመቱ አብዛኛው ወር ደረቅ ነው። ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። በግንቦት ወይም በጥቅምት ጎንደር የሚመጣ እንግዳ የሚያየው ባዶ የድንጋይ ገንዳ ነው። የአስጎብኚ ድርጅት ያላቸው አንዲት እናት ለእነዚህ እንግዶች የሚያሳዩት የ40 ሴኮንድ አኒሜሽን ፈለጉ። ገንዳው ሞልቶ፣ ሰው ገና ሳይገባበት፣ በጥምቀት ሰሞን ጠዋት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ።

ይህ ጽሑፍ ያንን ውሃ እንዴት እንደሠራን ይዘረዝራል። ሞዴሉን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን በአጭሩ አልፋለሁ። የምቆየው አንድ ነገር ላይ ነው፦ ብርሃን ውሃ ከነካ በኋላ የት ሄዶ ያርፋል? በእኔ እምነት በኮምፒውተር የተሠራ ውሃ የሚታመነውም የማይታመነውም እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ገንዳ ደግሞ መልሱ ብዙዎቻችን ከምንገምተው ቦታ አልነበረም።

ቦታውና ሞዴሉ

መዋኛው ከፋሲል ግቢ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ይገባል። ገንዳው ውስጥ በድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመ ፎቅ ቤት አለ። ወደ እሱ የሚያሻግረው ድልድይም በቅስት የተሠራ ነው። ዙሪያው በግንብ ታጥሯል፤ በግንቡ ላይ ያረጁ ዛፎች ሥራቸውን ጠምጥመዋል። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ መዋኛውም አብሮ ተመዝግቧል። የጥምቀት በዓል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በማይዳሰስ ቅርስነት ገብቷል።

ገንዳው ደረቅ መሆኑ ለሞዴል ሥራው በጀን። ወለሉም፣ የቅስቶቹ ሆድም (ከሥር ያለው ጎድጓዳ ገጽ) ቁልጭ ብሎ ይታያል። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር አብዛኛውን ክፍል እንዲጋራ አድርገን ዙሪያውን አነሳን፤ ሶፍትዌር ከፎቶዎቹ ቅርጹን አወጣልን። አንድ ምክር ብቻ እዚህ ላይ ልጣል። ድንጋይ ስታነሱ ባለ 18 በመቶ ግራጫ ካርድ፣ ማለትም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ መለኪያ ካርድ፣ አጠገቡ አስቀምጡ። የድንጋዩ ጥቁረት በትክክል ካልተለካ፣ በኋላ በላዩ የምታሳርፉት ብርሃን ወይ ይደምቃል ወይ ይጠፋል። ምክንያቱን ለማወቅም ትቸገራላችሁ።

የሠራንበት ሶፍትዌር ብሌንደር ነው፤ የ3D ምስልና አኒሜሽን መሥሪያ። ነፃ ነው፤ ኃይለኛ ነው። የምስሉ ሬንደር፣ ማለትም ከሞዴሉ የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ማውጣት፣ የተሠራው ውስጡ ባለው ሳይክልስ በተባለ ክፍል ነው።

መጀመሪያ የታዘዝነው ውሃ

ደንበኛችን ናሙና የሚሆን ቪዲዮ ይዘው መጡ። የአንድ ሪዞርት መዋኛ ነው። ውሃው ሰማያዊ፣ እንደ መስታወት የጠራ። ወለሉ ላይ የብርሃን መረብ ይንቀሳቀሳል። "እንዲህ አድርጋችሁ ሥሩልኝ" አሉ።

ያ የብርሃን መረብ በሙያው ኮስቲክስ ይባላል። አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ይታጠፋል፤ የውሃ የስብረት መጠን (ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያጥፍ የሚናገረው ቁጥር) 1.33 ስለሆነ። የውሃው ገጽ ጠፍጣፋ ቢሆን ጨረሮቹ ሁሉ እኩል ታጥፈው ይወርዱና ወለሉ አንድ ዓይነት ብርሃን ያገኛል። ገጹ ሲሞግድ ግን እያንዳንዱ ነጥብ ጨረሩን በተለያየ አቅጣጫ ይልካል። አንዳንድ ቦታ ብዙ ጨረር ይሰበሰባል፤ ደማቅ መስመር ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ይበተናል፤ ይጨልማል። አዲስ ብርሃን አልተፈጠረም፤ የነበረው ነው ተራርቆ ወይም ተጠጋግቶ ያረፈው።

ይህን ማስላት ለምን ያስቸግራል? ሳይክልስ የሚሠራበት ዘዴ ፓዝ ትሬሲንግ ይባላል። መሠረቱ ጄምስ ካጂያ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ቀመር ነው። ጨረሮቹ የሚነሱት ከካሜራው ነው። ከካሜራ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ሌላ፣ እያሉ ብርሃን ይፈልጋሉ። በተለመደው ትዕይንት ከወለሉ በቀጥታ ወደ ፀሐይ አንድ ጨረር ይላክና "ፀሐይዋ ትታያለች ወይ?" ተብሎ ይጠየቃል። በመካከል ውሃ ሲኖር ግን ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። ቀጥታ መስመሩ ውሃው ገጽ ላይ ይታጠፋልና ፀሐይዋን አያገኛትም። ስለዚህ ጨረሩ በዕድል ብቻ፣ እየታጠፈ ወጥቶ ፀሐይዋን መምታት አለበት። ፀሐይ በሰማይ ላይ ስፋቷ 0.53 ዲግሪ ብቻ ነው። ከብዙ አስር ሺህ ጨረሮች አንዱ ቢያገኛት ነው። ያ አንዱ ደግሞ የሌሎቹን ሁሉ ብርሃን ተሸክሞ ይመጣል። ምስሉ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ይረጫል።

ይህ ነጥብ ኖይዝ ይባላል፤ ኖይዝ በሚያጠፋ ሶፍትዌር ማፅዳት ይቻላል፤ ብሌንደር ውስጥ አለ። ለአንድ ፎቶ ይበጃል። ለአኒሜሽን ግን ችግር አለው። የማፅጃው ግምት ከፍሬም ወደ ፍሬም (ከአንዱ የቪዲዮ ምስል ወደ ሌላው) ስለሚለያይ የብርሃኑ መረብ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጭኑ መስመር ይደበዝዛል።

ብሌንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 3.2 ስሪቱ ለዚህ አንድ መፍትሔ አምጥቷል። ሻዶው ኮስቲክስ ይባላል። በዕድል ከመጠበቅ ይልቅ፣ ከወለሉ ነጥብ ተነስቶ በውሃው ገጽ በኩል ፀሐይዋ ጋ የሚያደርሰውን መንገድ በስሌት ይፈልጋል። ገጹ ለስላሳ ሲሆን ጥሩ ይሠራል። የሚሠራው ግን በሚታጠፍ ብርሃን ላይ ነው፤ በሚንጸባረቅ ላይ አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ናሙና አወጣን። ሰማያዊ ውሃ፣ ድንጋይ ወለል፣ የሚጫወት የብርሃን መረብ። የታዘዝነው እሱን ነበር።

"የሆቴል ውሃ"

ደንበኛችን ሁለቴ ደጋግመው አዩት።

"ያምራል" አሉ። "ግን ልጆች፣ ይኼ የእኛ ውሃ አይደለም። የሆቴል ውሃ ነው።"

"እትዬ፣ ምኑ ነው የጎደለው?" አልናቸው።

"እኔ ምን አውቄ! ጠዋት ስትገቡ ድንጋዩ ራሱ ይንቀሳቀሳል እኮ። እዚህ ድንጋዩ ዝም ብሏል።"

እንዲህ ያለ አስተያየት ወርቅ ነው። ሰው የሚያውቀውን ቦታ ሲያይ ዓይኑ ስህተቱን ያገኘዋል፤ ስሙን ማወቅ የእሱ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ ነው። ዘመድ ወዳጅ በስልኩ የቀረጸውን የጥምቀት ቪዲዮ ለመንን፤ ሰበሰብን። አብዛኛው የሚያሳየው ሰው ነው፤ ታቦት፣ ካህናት፣ ጥላ፣ እልልታ። ከበስተጀርባ ግን ውሃውና ሕንፃው አለ። እሱን ቁጭ ብለን ተመለከትን።

ሁለት ነገር ወጣ። አንደኛ፣ ወለሉ አይታይም። ውሃው ከወንዝ የመጣ ነው፤ ቡናማና አረንጓዴ ቀለም አለው። ሁለተኛ፣ በቅስቶቹ ሆድና በግድግዳው ጥላ ክፍል ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰፋፊ የብርሃን ጥብጣብ አለ። የሚንቀሳቀሰው ድንጋይ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ለምን እንደሚሆን በቁጥር ማየት ይቻላል። የጠራ ንጹህ ውሃ ቀይ ብርሃንን ከሰማያዊ ይልቅ በብዙ እጥፍ ይውጣል። 2 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ግን ያ ብቻውን ወለሉን አይደብቅም። የሚደብቀው ደለልና አልጌ ነው። ለምሳሌ በእያንዳንዱ ሜትር 63 በመቶውን ብርሃን የሚያጠፋ ውሃ እናስብ። ብርሃኑ 2 ሜትር ይወርዳል፤ ወለሉን ነክቶ 2 ሜትር ይመለሳል። ከ4 ሜትር በኋላ የሚተርፈው ከ2 በመቶ በታች ነው። ያንን ቆንጆ የብርሃን መረብ ለማስላት ኮምፒውተሩን ሌሊቱን ሙሉ ብታስጨንቁት ተመልካቹ አያየውም። ስለዚህ የገንዳውን ወለል ኮስቲክስ ሙሉ በሙሉ አወጣነው። በእሱ ፋንታ ውሃው በጥልቀት ቀለሙን እየያዘ የሚሄድበት ቀላል ሼደር (የገጽን መልክ የሚወስን ቅንብር) ገባ። የተረፈውን አቅም ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ቅስቶቹ አዞርነው።

ወደ ላይ የሚወጣው ብርሃን

ከውሃ ተንጸባርቆ የሚሄድ ብርሃንም ኮስቲክስ ይሠራል። ጠባዩ ግን ከወለሉ በጣም ይለያል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ የወለሉን የብርሃን መረብ ምስል ወስዶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ስለሚቀል። እባካችሁ አትለጥፉ። ለምን እንደማይሆን ላሳይ።

የውሃው ገጽ በ1 ዲግሪ ያዘነብላል እንበል። የሚንጸባረቀው ጨረር አቅጣጫውን በ2 ዲግሪ ይቀይራል። ፀሐይ ከአናት ስትሆን ወደ ውሃው የሚገባው ጨረር ግን የሚዞረው በሩብ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የስምንት እጥፍ ልዩነት ነው። በዚህ የተነሳ ያው አንድ ሞገድ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚሰበስብበት ርቀት፣ ወደ ታች ከሚሰበስብበት በስምንት እጥፍ ያንሳል።

በቁጥር እንየው። 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ከረጋው ውሃ ገጽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጥቃቅን ሞገድ ብርሃንን ወደ ታች የሚሰበስበው 1.8 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። ለገንዳ ወለል ልክ ነው። ይኸው ሞገድ ወደ ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን የሚሰበስበው ግን ከውሃው 23 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ በላይ ብርሃኑ ተላልፎ ይበተናል፤ ቅስቱ ጋ ሲደርስ መስመርነቱን አጥቷል። አሁን 1 ሜትር ርዝመትና 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ሞገድ እንውሰድ። ወደ ታች የሚሰበስበው 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው፤ ገንዳው ይህን ያህል አይጠልቅም። ወደ ላይ ግን 1.3 ሜትር ላይ ይሰበስባል። ቅስቱ ላይ ማለት ነው።

በአጭሩ፣ ወለሉን የሚስለው ትንሹ ሞገድ ነው፤ ቅስቱን የሚስለው ትልቁና ዝግተኛው። የቅስቱ ብርሃን ቀስ ብሎ የሚሄደውም ሰፊ የሆነውም ለዚህ ነው። ሌላም አለ። ወደ ታች ብርሃን የሚሰበስበው የሞገዱ ጉብታ ነው፤ ሌንስ ሆኖ። ወደ ላይ የሚሰበስበው ስርጉዱ ነው፤ ጎድጓዳ መስታወት ሆኖ። ስለዚህ ወለሉ ላይ የሚደምቀው ቦታና ቅስቱ ላይ የሚደምቀው ቦታ ከአንድ የሞገድ ክፍል አይመጡም።

የፀሐይዋም ስፋት ድርሻ አለው። 0.53 ዲግሪ የሆነች ፀሐይ በ3 ሜትር ርቀት ላይ ማንኛውንም መስመር ወደ 2.8 ሴንቲ ሜትር ታደበዝዘዋለች። ከውሃ ሥር በ2 ሜትር ጥልቀት ድብዘዛው 1.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቅስቱ ብርሃን ጠርዙ ለስላሳ መሆን አለበት። እንደ ምላጭ የሰላ ጠርዝ ካደረግንበት ዓይን አይቀበለውም።

ይህን ሁሉ ከማመናችን በፊት ግቢ ውስጥ ሞከርነው። ጥቁር ሳፋ በውሃ ሞላን፤ ጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በር ሥር አኖርነው። ሳፋው ጥቁር መሆኑ ጥሩ ነው፤ ከሥር የሚመለስ ብርሃን አይረብሽም። ጫፉን በጣት ስትነኩት ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ይሰነጣጠቃል። ነጭ ወረቀት ከውሃው አጠገብ ይዛችሁ ቀስ በቀስ ስታርቁት መስመሮቹ ሲሰበሰቡ፣ ከዚያ ሲበተኑ ታያላችሁ። ይህን የሚያስተምር ቪዲዮ ከመፈለግ ሳፋውን ማውጣት ይሻላል።

ፀሐይዋ የት ነበረች?

ይህ ክፍል ለጎንደር የተለየ ስለሆነ እቆይበታለሁ።

ጎንደር በሰሜን ኬክሮስ 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። በጥምቀት ሰሞን ፀሐይ ከምድር ወገብ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ናት። እኩለ ቀን ላይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በቀጥታ ደቡብ። አናት ላይ አትወጣም። ሰዓቱ ደግሞ ያሳስታል። የአገራችን ሰዓት የተቀመረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ጎንደር ያለችው 37.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህ ብቻ 30 ደቂቃ ያዘገያል። በጥር አጋማሽ ምድር በምሕዋሯ ምክንያት 10 ደቂቃ ያህል ትጨምራለች። ስለዚህ ፀሐይ ከፍታዋ ጫፍ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ "ጠዋት 3 ሰዓት" ብላችሁ ያለ ቦታና ቀን ብትሞሉ ፀሐይዋን በ10 ዲግሪ ትስቷታላችሁ።

ቦታና ቀን በትክክል ሲገባ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የፀሐይ ከፍታ 27 ዲግሪ ያህል ነው። አቅጣጫዋ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያህል ዞሯል። እኛ የመረጥነው ይህን ሰዓት ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

መጀመሪያ፣ ውሃ የሚያንጸባርቀው የብርሃን መጠን በማዕዘኑ ይወሰናል። ፀሐይ 57 ዲግሪ ላይ ስትሆን ውሃው የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። 27 ዲግሪ ላይ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል። 14 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ ሩብ ያህሉን ይመልሳል። እንግዲያው 2 ሰዓት ይሻል ነበር? እኛም ያንን ፈልገን ነበር። ግን ግንቡና ዛፎቹ በዚያ ሰዓት ዝቅተኛውን ፀሐይ ይከልሉታል። ሞዴሉ ላይ ስናየው ውሃው አብዛኛው ጥላ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። በ57 ዲግሪ የሚንጸባረቅ ጨረር በ57 ዲግሪ ወደ ላይ ይወጣል። ከውሃው 2 ሜትር ከፍ ያለ ቅስት ላይ ለመድረስ ወደ ውስጥ የሚገባው 1.3 ሜትር ብቻ ነው። የቅስቱን ከንፈር ብቻ ነክቶ ያበቃል። በ27 ዲግሪ ግን 4 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። የቅስቱ ሆድ በሙሉ ብርሃን ያገኛል። "ጠዋት ስትገቡ" ያሉት ለዚህ ነው። ከሰዓት በፊት ያለ ብርሃን ነው።

8 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን የሚያርፈው ጥላ ላይ ነው። በፀሐይ የተመታ ግድግዳ ላይ ቢሆን አይታይም፤ በቅስት ሆድ ጨለማ ላይ ደምቆ ይታያል።

የውሃው ሞገድ

ብርሃኑ ትክክል እንዲሆን ሞገዱ ትክክል መሆን አለበት። ብሌንደር ውስጥ ዝግጁ የሆነ የውቅያኖስ ሞገድ አለ። መሠረቱ ጄሪ ቴሰንዶርፍ ያሰራጨው ዘዴ ነው፤ ማስታወሻው እ.ኤ.አ. በ2001 በስፋት ታውቋል። ነፋስ በሰፊ ባሕር ላይ የሚያነሳውን ሞገድ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይሠራል። ነገር ግን ባሕር ግድግዳ የለውም። የእኛ ገንዳ አራት ግድግዳ አለው። ሞገዱ ግድግዳ ነክቶ ይመለሳል፤ ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ያ ተቃራኒ እንቅስቃሴ ነው ውሃው በግንብ መካከል እንዳለ የሚያሳውቀው።

ሌላው አማራጭ ቀላል የሞገድ ቀመርን በፍርግርግ ላይ ማስላት ነው። ግድግዳ ላይ መመለሱን ይሰጣል። ጉድለቱ ሞገዶች ሁሉ በአንድ ፍጥነት መሄዳቸው ነው። እውነተኛ ውሃ እንዲህ አይደለም። 1 ሜትር የሚረዝም ሞገድ በሴኮንድ 1.25 ሜትር ይሄዳል። 30 ሴንቲ ሜትሩ 0.7 ሜትር ገደማ። ረጅሙ ይቀድማል፤ አጭሩ ይከተላል። ይህ ካልኖረ ውሃው የተዘረጋ ላስቲክ ይመስላል።

ሁለቱን አጣመርናቸው። ገንዳውን አራት ማዕዘን አድርገን በግድግዳ መካከል ሊቆሙ የሚችሉትን የሞገድ ቅርጾች ዘረዘርን። ለእያንዳንዱ ቅርጽ ከርዝመቱ የሚመጣውን የራሱን ፍጥነት ሰጠን። ከዚያ ሁሉንም ደመርን። ግድግዳ ላይ መመለሱ በቅርጾቹ ውስጥ ስላለ ለብቻው ማስላት አያስፈልግም። በምሰሶዎቹ ዙሪያ የሚበተነውን ትንሽ ሞገድ በተለየ ፍርግርግ ጨመርን። እዚያ ላይ ስሌታችን ግምት ነው፤ ካሜራውም ወደዚያ አይጠጋም።

ብርሃኑን መወርወር

ሻዶው ኮስቲክስ ለሚንጸባረቅ ብርሃን አይሠራም ብዬ ነበር። ስለዚህ የራሳችንን ጻፍን። ሐሳቡ ከፎቶን ማፒንግ ጋር ይዛመዳል፤ ሄንሪክ ዋን ጄንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያስተዋወቀው ነው። ብርሃንን ከካሜራ መፈለግ ትቶ ከምንጩ መወርወር።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ነምፓይ በተባለው የስሌት መሣሪያው እንዲህ አደረግን። ለእያንዳንዱ ፍሬም ፀሐይ በምታገኘው የውሃ ገጽ ላይ ብዙ ሚሊዮን ነጥቦች ይበተናሉ። በእያንዳንዱ ነጥብ የገጹ ዝንባሌ ይሰላል። የፀሐይዋ ጨረር አቅጣጫ በፀሐይዋ ስፋት ውስጥ በትንሹ ይወዛወዛል፤ ድብዘዛው ራሱ ከዚህ ይመጣል። ጨረሩ ይንጸባረቃል። በማዕዘኑ መሠረት ምን ያህል ብርሃን እንደያዘ ይመዘገባል። ከዚያ የት ያርፋል?

እዚህ ላይ ሥነ ሕንፃው ረዳን። የቅስት ሆድ ወደ ግማሽ ሲሊንደር ይቀርባል። ግድግዳው ጠፍጣፋ ነው። ጨረር ከሲሊንደር ጋር የሚገናኝበት ነጥብ በትምህርት ቤት የተማርነው የካሬ እኩልታ ነው። ከፎቶ የወጣውን ከባድ ሞዴል መፈተሽ አላስፈለገም። ነጥቡ ሲገኝ የዚያ ቅስት ቴክስቸር (በሞዴሉ ገጽ ላይ የሚለበስ ምስል) ላይ ባለው ፒክስል የጨረሩ ብርሃን ይደመራል። ሚሊዮኖቹ ሲያልቁ በእጃችን የብርሃን ምስል አለ። ይህን በፍሬም ቁጥር ሰይመን አስቀመጥን፤ ብሌንደር ውስጥ በድንጋዩ ላይ በሚያርፍ ብርሃን ቦታ አስገባነው። ሳይክልስ ኮስቲክስ እንዲፈልግ አልተጠየቀም። የድንጋዩን ቀለምና ሻካራነት ብቻ ያሰላል።

ጥራቱን የሚወስነው የነጥቦቹ ብዛት ነው። ካነሰ ቴክስቸሩ ላይ ጉርብጥብጥ ይታያል። ግን ድብዘዛው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ የቴክስቸሩ ፒክስል ከ1 ሴንቲ ሜትር ማነስ አያስፈልገውም። ይህ ሥራውን በጣም አቀለለው። ከዚህ በላይ ጥራት መጨመር ለዓይን ምንም አያተርፍም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ውሃ ቀይና ሰማያዊ ብርሃንን በትንሹ በተለያየ ማዕዘን ያጥፋል። በወለል ኮስቲክስ ላይ ጠርዙ ቀስተ ደመና ሊነካው ይችላል። በሚንጸባረቅ ብርሃን ግን ይህ የለም። ሁሉም ቀለም በእኩል ማዕዘን ይመለሳል። የቅስቱ ላይ ብርሃን ጠርዙ ቀለም ካለው ሐሰት ነው። በፊልም ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ "ለማሳመር" ተብሎ ይጨመራል። እኛ አልጨመርንም።

ሬንደር እና መብራት

40 ሴኮንድ በ24 ፍሬም 960 ምስል ነው። አንዱ ምስል 10 ደቂቃ ቢወስድ 160 ሰዓት ይሆናል። እዚህ መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ አይታሰብም። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ይቀመጣል። ብሌንደር ላይ ያለውን ፋይል በላዩ ላይ አትጻፍ የሚለውን ምርጫ ማብራት ነው፤ መብራት ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። በመሃል ተቋርጦ የተጎዳ ምስል ካለ መጠኑ ስለሚያንስ በቀላሉ ይለያል፤ እሱን ሰርዞ ማስቀጠል ነው።

የብርሃኑ ቴክስቸርም አስቀድሞ ተሠርቶ መቀመጡ እዚህ ጠቀመን። ሬንደሩ ቢቋረጥ የውሃው ስሌት እንደገና አይጀምርም። በተጨማሪ ትዕይንቱ ኖይዝ አጣ። ማፅጃው ቀላል ሥራ ብቻ ስለቀረው የሚንቀጠቀጥ ነገር አልታየም።

የተቀበሉት

ሁለተኛውን ስናሳያቸው ውሃው ቡናማ አረንጓዴ ነው። ወለል አይታይም። ካሜራው ከድልድዩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ወደ ቅስቱ ይጠጋል። ድንጋዩ ላይ ብርሃኑ ይሄዳል።

ዝም ብለው አዩት። ከዚያ "ከዚህ በላይ ዝግ ማለት አለበት፤ ጠዋት ነፋስ የለም" አሉ። የሞገዱን ከፍታ ቀነስን። ከፍታ ሲቀንስ ብርሃኑ የሚሰበሰብበት ርቀት ይረዝማል፤ መስመሮቹ ሰፉ፣ ደበዘዙ፣ ውዝዋዜያቸው ቀነሰ። እሳቸው የጠየቁትን ፊዚክሱ ራሱ ሰጠን። ያንን ተቀበሉ። አሁን ለእንግዶች በታብሌት ያሳያሉ፤ ደረቁ ገንዳ ጠርዝ ላይ ቆመው።

ያልሠራነው ክፍል አለ። ወጣቶቹ ሲዘሉበት ያለውን ውሃ አልነካነውም። እሱ ሌላ ዓይነት ስሌት ይፈልጋል፤ ገጹ ይቀደዳል፣ ጠብታ ይሆናል፣ አረፋ ይሆናል። እኛ የተጠቀምንበት የከፍታ ካርታ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ የውሃ ከፍታ ብቻ የሚይዘው፣ ያንን አይሸከምም። የቅስቱ ሆድ ላይ ያለው ብርሃንም በዚያ ቅጽበት ተሰባብሮ ይጠፋል ብለን እንገምታለን። ለማነጻጸር የሚሆን ቀረጻ የለንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጥምቀት ከቅስቱ አጠገብ ቦታ የምታገኙ ካላችሁ አንድ ልመና አለን። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ስልካችሁን የሚደገፍበት ቦታ አኑሩት። ካሜራው ብርሃኑን በራሱ እንዳይቀይር ቆልፉት። ፍጥነቱን በሴኮንድ 60 ፍሬም አድርጉት። ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ቅስቱ ሆድ አዙሩት። 5 ደቂቃ ይበቃል።